ካርድ ክፍሉ ሳይስተካከል ኮምፒውተር አታስገቡ (ከወሎ አንድ ጤና ጣቢያ)

ሰላም ናችሁ። እኔ ደቡብ ወሎ ከደሴ ብዙ በማይርቅ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ኤችአይቲ ሆኜ ነው የምሰራው፣ መረጃና ሪፖርት ላይ ማለት ነው። ሰሞኑን ከሌላ ወረዳ ሁለት የሙያ ጓደኞቼ ደውለው "እኛም ጋ የወረቀት ካርድ ሊቀር ነው፣ በኮምፒውተር ሊሆን ነው፣ ምን እናዘጋጅ?" ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም ስልክ ላይ ጀምሬ ስላልጨረስኩት እዚህ ልጽፈው ወሰንኩ፣ ሌላም ሰው ይጠቅመዋል። እነሱ የጠየቁኝ ስለ ኮምፒውተሩ አይነት፣ ስለ ራሙ፣ ስለ ኬብሉ ነው። እኔ ግን ብዙውን የምጽፈው ስለ ስም ነው፣ ምክንያቱም እኛን ያደከመን እሱ ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንደነበርን ልንገራችሁ። ካርድ ክፍላችን እንደማንኛውም ጤና ጣቢያ ነው፣ መደርደሪያው በካርድ ቁጥር የተደረደረ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ በፊደል ተራ የስም ካርድ የሚቀመጥበት ሳጥን፣ ሰውየው ቁጥሩን ከረሳ በስሙ ከሳጥኑ ፈልጎ ቁጥሩን አግኝቶ ፎልደሩን ማውጣት፣ በወጣበት ቦታ ትሬሰር ካርድ (ፎልደሩ መውጣቱን የሚያሳይ ምልክት) ማስገባት። ወረቀት ላይ ሲታይ የሚያምር አሰራር ነው። በገበያ ቀን ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሰው በሩን ዘግቶ ሲቆም፣ ልጅ ያዘለች እናት ፀሀይ ላይ ስትጠብቅ፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ሳጥኑን አንዴ አገላብጣ ካጣችው ምን ታደርጋለች? አዲስ ካርድ ታወጣለች። እኔም ብሆን እንደዛ ነው የማደርገው፣ አልፈርድባትም። ነገር ግን ይሄ አመታት ሲደጋገም አንድ ሰው ሶስት አራት ካርድ ይኖረዋል፣ የግፊቱ መድሃኒት አንዱ ላይ፣ የስኳሩ ሌላው ላይ፣ የላብ (የላብራቶሪ) ውጤቱ ደግሞ የት እንዳለ አይታወቅም። ኮምፒውተር ሲገባ ይሄ ሁሉ እንዳለ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ማሽኑ አንድ ሰው መሆናቸውን አያውቅም።

ከዛ በላይ ደግሞ ጥቅምትና ህዳር 2014 ያሳለፍነውን ታውቃላችሁ። ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ ጤና ጣቢያው ተዘረፈ፣ ስንመለስ ካርዱ ግቢ ውስጥ ተበትኖ ዝናብና ጭቃ ነክቶት ነው ያገኘነው። ለቅመን ለቅመን ያተረፍነው አለ፣ ያላተረፍነውም አለ። የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድሃኒት) ታካሚዎች መጥተው የመድሃኒቱን ስም ስለማያውቁት "ነጭ ነው፣ ረዘም ያለ ነው፣ ማታ ማታ ነው የምውጠው" እያሉ በክኒኑ መልክ ሲያስረዱን ያየሁት እስካሁን ከአይኔ አልጠፋም። የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች መጠኑ ስንት እንደነበረ ማንም አያውቅም። እና "ለምን ኤሌክትሮኒክ ያስፈልጋል" ለሚለኝ ሰው የኔ መልስ ይሄ ነው። ሪፖርት ቶሎ እንዲደርስ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ እቃው መጣ። ሶስት ኮምፒውተር፣ አንድ ሰርቨር (መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር)፣ ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኝ ስዊች፣ ኬብል። ሰርቨሩ እዛው ጤና ጣቢያው ውስጥ ስለሆነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሰራል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ እናንተ ጋ ሊገባ ያለው በኢንተርኔት ብቻ የሚሰራ ከሆነ ከአሁኑ ጠይቁ፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ታካሚ ማቆም ስለማይቻል። ስልጠና ወሰድን፣ ተመለስን፣ በሰኞ ጀመርን። እና የመጀመሪያውን ስህተት በመጀመሪያው ሰዓት ሰራን፤ "አዲስ ሲስተም ነው፣ ንፁህ ሆኖ ይጀምር" ብለን የካርድ ቁጥሩን ከ1 ጀመርን።

ሁለተኛው ወይ ሶስተኛው ቀን ላይ አንዲት እናት መጡ፣ ከላይ ከደጋው ቀበሌ በእግር የወረዱ። ቁጥር አለዎት ወይ ስንላቸው የሻሻቸውን ጫፍ ፈቱና በጣም የተጣጠፈች ወረቀት አወጡ፣ አሮጌው የካርድ ቁጥራቸው ናት፣ ከጦርነቱም በፊት የተጻፈች። እኛ ያንን ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ስንጽፍ ሌላ ሰው፣ አንድ የሁለት አመት ህፃን መጣ። "እማማ ይሄ ቁጥር ተቀይሯል" አልናቸው። "ማን ቀየረው?" አሉ። "እኔኮ ይሄን ቋጥሬ ነው ስንቱን ያሳለፍኩት፣ አትጣይው ብላችሁኝ።" እውነታቸውን ነው፣ እኛው ነን አትጣሉ ያልናቸው። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብለን ተነጋገርንና የጀመርነውን ቁጥር ሰረዝን፣ የአሮጌውን ካርድ ቁጥር እንዳለ አስገባን። የሶስት ቀን ስራ ድጋሚ መስራት ነበር፣ ግን ስድስት ወር ቆይተን ብናውቀው ምን ይውጠን ነበር። ስለዚህ አንደኛው ምክሬ ይሄ ነው፣ ሰው በእጁ የያዘውን ቁጥር አትንኩ። አዲሱ የሚቀጥለው ካርድ ክፍላችሁ ካቆመበት ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ስሙ ልግባ። ወሎ ውስጥ ሰይድ ስንት ነው? መሐመድስ? ፋጡማ፣ ዘሃራ፣ ሀሰን፣ ሁሴን፣ እንድሪስ፣ አሊ፣ ይመር። አንድ ቀበሌ ውስጥ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ሶስቱም የሚገጥሙ ሰዎች አሉን፣ እድሜያቸውም ተቀራራቢ። ይሄ አንዱ ችግር ነው። ሁለተኛው የከፋው ችግር ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ አንዱ ሰው በተለያየ ፊደል ይጻፋል። ሰይድ በእሳቱ ሰ፣ በንጉሱ ሠ፣ ሰኢድ፣ ሰዒድ። መሐመድ በሐመሩ ሐ፣ በሃሌታው ሀ፣ ሙሀመድ፣ ሞሐመድ። አህመድ፣ አሕመድ። አሊ፣ ዓሊ። ሰው ሲያነበው አንድ ነው፣ በድምፅም አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሀ እና ሐ የማይተዋወቁ ሁለት ፊደሎች ናቸው። ስለዚህ ጠዋት ላይ አንዷ ሰራተኛ በሐ የመዘገበችውን ሰው ከሰዓት ሌላዋ በሀ ስትፈልገው "የለም" ይላታል፣ እሷም አዲስ ትከፍትለታለች። በቃ የድሮው ሶስት አራት ካርድ ተመልሶ መጣ፣ አሁን ደግሞ በፍጥነት። በላቲን ፊደል እንጻፈው ያሉም ነበሩ፣ ሞከርነው፣ ባሰ እንጂ አልቀለለም፣ መሐመድን ብቻ አምስት ሰው በአምስት አይነት ይጽፈዋል።

ምን አደረግን መሰላችሁ። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብለን ህግ አወጣን። በአማርኛ ብቻ እንጽፋለን፣ ምክንያቱም የቀበሌ መታወቂያውም የጤና መድህን ደብተሩም በአማርኛ ስለሆነ ከሱ ማመሳከር ይቻላል። ከሞክሼ ፊደሎች ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ብቻ፣ ሌሎቹን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ የሚባሉትን ስም ላይ አንጠቀምም። መታወቂያው ላይ በሌላ ፊደል ቢጻፍም እኛ በህጋችን ነው የምንጽፈው። የሰዋስው ሰው ይቅር ይበለን፣ ይሄ ለፍለጋ ነው። ከዛ እኛ አካባቢ የሚበዙትን ስሞች አጻጻፍ ወስነን አንድ ወረቀት ላይ አትመን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሙሀመድ አንድ አይነት፣ ፋጡማ አንድ አይነት፣ የሱፍ አንድ አይነት። አዲስ ሰራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። እና ሌላው ህግ፣ ሶስት ጊዜ ሳይፈለግ አዲስ ካርድ አይከፈትም። አንዴ በስምና በአባት ስም፣ አንዴ በስልክ ቁጥር፣ አንዴ በእናት ስምና በጎጥ። የእናት ስም በጣም ጠቅሞናል፣ ሲስተሙ ላይ ቦታ ካለው አስገዳጅ አድርጉት፣ ሶስቱ ስም የገጠመባቸውን ሰዎች የለየልን እሱ ነው። ስልክ ግን ብዙ አትመኑ፣ የባልየው ነው፣ ወይ የጎረቤት ነው፣ ሲሙም ይቀየራል። ፋይዳ ያወጣ ሰው ካለ ባለ 12 አሃዝ ቁጥሩን አብራችሁ መዝግቡ፣ ግን "ፋይዳ ካላመጣህ አትታከምም" የሚል ነገር እንዳይመጣ በጣም ተጠንቀቁ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር፣ እኛ አካባቢ ካልሆናችሁ ላይገጥማችሁ ይችላል። ብዙ ሴቶቻችን አረብ አገር ሰርተው ይመለሳሉ፣ ፓስፖርታቸው ላይ ያለው ስምና እድሜ ደግሞ ሁሌ የራሳቸው አይደለም። አንዷ በልጅነቷ በቤት ስሟ ካርድ ነበራት፣ ተመልሳ ስትመጣ በፓስፖርት ስሟ ተመዘገበች፣ የድሮ ታሪኳ አልተገኘም። ይሄን በአደባባይ "ትክክለኛ ስምሽ ማነው" ብላችሁ ብትጠይቁ አትነግራችሁም፣ ትፈራለች። ቀስ ብሎ፣ በጎን፣ "እናትሽ ምን ብላ ነው የምትጠራሽ፣ ድሮ እዚህ ታክመሽ ታውቂያለሽ? አብሽሪ ለሌላ ለማንም አይሄድም" ማለት ነው። ሲስተሙ "ሌላ መጠሪያ" የሚል ቦታ ካለው እዛ ላይ ይገባል።

ሁለተኛው የጤና መድህን ደብተር ነው። ደብተር የሌለው ጎረቤት ወይ ዘመድ ደብተር ተውሶ ይመጣል። በችግር ነው የሚያደርገው፣ ሌባ ብዬ አልጠራውም። ግን በወረቀት ጊዜ ከገንዘብ ያላለፈ ነገር በኤሌክትሮኒክ አደጋ ይሆናል፣ ምክንያቱም የሱ ምርመራ የባለቤቱ ታሪክ ላይ ይጻፋል። ባለደብተሩ ፔኒሲሊን የማይስማማው ቢሆንና የተዋሰው ሰው ካርዱ ላይ "ምንም አለርጂ የለም" ተብሎ ቢጻፍስ? እኛ ይሄን በጥበቃና በጩኸት ሳይሆን በማስረዳት ነው የያዝነው፣ የጤና ኤክስቴንሽኖቹ በየቡና ጠጡው ላይ "የደብተር ውሰት የራስህን ህመም ያጠፋብሃል" እያሉ ነገሩልን። አሁንም አለ፣ ግን ቀንሷል።

እድሜም እንደዛው ነው። ሲስተሙ የልደት ቀን ካልሞላችሁ አያሳልፍም፣ አባባ ደግሞ የተወለዱበትን ቀን ከየት ያምጡት። መጀመሪያ ላይ ካርድ ክፍል ሁሉንም የአመቱ የመጀመሪያ ቀን ላይ እየጣለች እድሜውን በግምት ታስገባ ነበር። በኋላ በድርቁ መጠየቅ ጀመርን፣ "በ66 ተወልደው ነበር? በ77 ስንት አመት ይሆንዎት ነበር፣ አግብተው ነበር?" በዚህ ሲሰላ ከአስር አመት ስህተት ወደ ሁለት ሶስት አመት ይወርዳል። "ግምት ነው" የሚል ምልክት የሚደረግበት ቦታ ካለ አድርጉበት።

የቀን አቆጣጠሩ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እኛ ጋ የገባው በፈረንጅ ካላንደር ነበር የሚያስበው። ሙሉውን ቀን በኢትዮጵያ ብታስገቡት ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም እርግዝናው የሰባት አመት ሆኖ ስለሚታይ ማንም ስህተት መሆኑን ያውቃል። የሚያስፈራው ግማሹ ሲቀየር ነው። አንዷ አዋላጅ ነርስ አመቱን ወደ ፈረንጅ ቀይራ ወሩን ግን እንዳለ ተወችው፣ ህዳር ሶስተኛ ወር ነው ብላ 3 ጻፈች፣ ኮምፒውተሩ ማርች አለው። የመጨረሻው የወር አበባ በብዙ ወር ሲሳሳት የመውለጃው ቀን የት እንደሚሄድ አስቡት። ደግነቱ ሆዷን ስትለካ አልገጥም ስላላት ተገኘ። ከዛ በኋላ ኮምፒውተሩ ጎን ሁለቱም ካላንደር ያለበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ሰቅለናል፣ እና ለዲፖ (ለወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ) እና ለክትባት ቀጠሮ የምንሰጣቸው ወረቀት ላይ ሁሌ በኢትዮጵያ ቀን ብቻ ነው የሚጻፈው። የኢትዮጵያን ካላንደር የሚቀበል ሲስተም ከሆነ የሚመጣላችሁ፣ እድለኞች ናችሁ፣ ግን ጳጉሜ ላይ ሞክሩት፣ የጳጉሜ 3 ቀጠሮ አስገብታችሁ እዩት።

መብራትን በአጭሩ። ይጠፋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ለሰርቨሩ ግዴታ ነው፣ ለሌሎቹ ካልተገኘ ላፕቶፕ ይሻላል ከዴስክቶፕ። ሶላር ያላቸው ጤና ጣቢያዎች የክትባት ፍሪጁን መስመር እንዳይነኩ፣ ይሄን አደራ። መብራት ሲጠፋ የምንጽፍበት አንድ ገፅ ፎርም አዘጋጅተናል፣ ልክ እንደ ኮምፒውተሩ ቅደም ተከተል የተሰራ፣ መብራት ሲመጣ በዛው ቀን ይገባል። ነገ ላስገባው የተባለ ወረቀት አይገባም፣ ሞክረን አይተነዋል፣ መሳቢያ ውስጥ ይከማቻል። ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ኮፒ) ደግሞ በየቀኑ ማታ በፓስወርድ በተቆለፈ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ እና በየሳምንቱ አንዱ ኮፒ ከጤና ጣቢያው ውጭ ሄዶ ይቆለፋል። ከ2014 በኋላ ይሄን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፣ ማንም "ለምን" ብሎ አልጠየቀኝም።

ባለሙያውን በተመለከተ አንድ ነገር በግልፅ ልናገር። ሰው ኮምፒውተር ስለማይወድ አይደለም እምቢ የሚለው። ኦፒዲ (ተመላላሽ ህክምና ክፍል) ያለው ጤና መኮንን በቀን ስንት ሰው እያየ፣ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፣ ከዛ ሬጅስተር ላይ ያንኑ ይጽፋል፣ ከዛ ታሊ ያደርጋል (ለሪፖርት በጭረት ይቆጥራል)፣ ማዘዣ ወረቀት ደግሞ በእጅ። አራት ጊዜ። እኔ መጀመሪያ "ሰነፎች ናቸው" ብዬ ተቀይሜ ነበር፣ ከዛ አንድ ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ቆጠርኩና አፈርኩ፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። ከኃላፊያችን ጋር ሆነን የትኛው ወረቀት እንደሚቀር ለማስወሰን ብዙ ደከምን። ታሊው ቀረ፣ ምክንያቱም በየወሩ ከ21 እስከ 20 ያለውን ለዲኤችአይኤስ ቱ (ለጤና ሪፖርት መላኪያው ሲስተም) የሚሆነውን ቁጥር ሲስተሙ ራሱ ያወጣዋል። ሬጅስተሩ ግን ለሱፐርቪዥን ስለሚጠየቅ እስካሁን አለ። የክትባት ክፍሉን ገና አላስገባንም፣ ሆን ብለን ነው፣ ካርድ ክፍል፣ ኦፒዲ፣ ላብና ፋርማሲ እስኪጠኑ። እናንተም ሁሉንም በአንድ ሰኞ አትጀምሩ። እና ከመጀመራችሁ በፊት "ይሄ ሲገባ የትኛው ወረቀት ይቀራል?" ብላችሁ ጠይቃችሁ መልሱን በደብዳቤ ያዙ።

ከላብ ጋር መገናኘቱ ግን ሁሉንም አሳመነ። ድሮ ታካሚው የምርመራ ወረቀት ይዞ ይሄዳል፣ ይጠፋበታል፣ ተመልሶ ይሰለፋል። አሁን ውጤቱ ኦፒዲ ስክሪን ላይ ይመጣል። ያ ጤና መኮንን ካለፈው ወር የስኳር ውጤት ጋር አስተያይቶ መድሃኒት የቀየረ ቀን ራሱ ጠርቶ አሳየኝ።

ሚስጥር። ገጠር ነው፣ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ያው የሰፈሩ ልጅ ናት። ወረቀት ሲሆን ፎልደሩ ተዘግቶ ነው የሚያልፈው፣ ኮምፒውተር ላይ ግን አንድ ጊዜ ተጭኖ የሁሉም ሰው ህመም ይታያል። ስለዚህ ካርድ ክፍል ስምና አድራሻ ብቻ እንዲያይ፣ ምርመራውን እንዳያይ ማድረግ ይቻላል፣ አስደርጉት። ፓስወርድ አንድ ለሁሉም አይሁን። እኛ ጋ "በኔ ግቢበት" እየተባለ ለሳምንታት ሁሉም በአንድ ሰው ስም ሲሰራ ነበር፣ አንድ የተሳሳተ የመድሃኒት መጠን ተጽፎ ማን እንደጻፈው ማወቅ ባልተቻለ ጊዜ ነው የቆመው። ስክሪኑ ደግሞ ጀርባውን ለበሩ ይስጥ፣ በሩ ላይ ወረፋ የቆመው ሰው እንዳያነብ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ጠረጴዛ ማዞር ብቻ ነው፣ ለኤአርቲ ታካሚ ግን ትዳርና ኑሮ ነው።

ጤና ኬላዎቹ ላይ ያለው ታብሌት፣ ኢቺስ የሚሉት የጤና ኤክስቴንሽኖቹ መመዝገቢያ፣ ከኛው ጋር አንድ አይደለም፣ ግን ይነካካል። ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትዞር ያለ ኔትወርክ ትመዘግባለች፣ ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ ይላካል። እኛን የጠቀመን ያንን የግድግዳ የስም ወረቀት ለነሱም መስጠታችን ነው። ፋጡማ ታብሌቱ ላይም እኛ ጋም አንድ አይነት ስትጻፍ፣ ወደኛ የተላከች ነፍሰ ጡር መድረስ አለመድረሷን ማመሳከር ተቻለ። ሁለቱ ሲስተም በራሳቸው ባይነጋገሩም ስሙ አገናኛቸው።

አንድ ሌላ ስህተታችን ትዝ አለኝ፣ የድሮ የታካሚ ዝርዝር በኤክሴል ነበረን፣ ለማስገባት ስንሞክር በአሮጌው የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሆኖ ስሙ ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆነ። ድሮ የተጻፈ ዝርዝር ካላችሁ በዩኒኮድ (አሁን ሁሉም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል አጻጻፍ) መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ካልሆነም በእጅ እንደገና መጻፍ ነው፣ ቀን መድቡለት።

አሁን የት ደርሳችኋል ላላችሁኝ፣ ድርብ ካርዶችን እያዋሃድን ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት፣ ታካሚ ሲቀንስ፣ ሁለት ሆነን የድሮውን የስም ሳጥን ከኮምፒውተሩ ጋር እናስተያያለን፣ አንዷ ታነባለች፣ አንዷ ትፈልጋለች። ሁለት ካርድ የአንድ ሰው መሆኑን ሳናረጋግጥ አናዋህድም፣ ከተጠራጠርን ሰውየው እስኪመጣ ምልክት አድርገን እንተወዋለን፣ የሁለት ሰው ታሪክ ከተቀላቀለ በኋላ መለየት በጣም ከባድ ስለሆነ። ያቺ ሻሻቸው ውስጥ ቁጥር የቋጠሩት እናትም ሶስት ካርድ ነበራቸው፣ አንድ አድርገንላቸዋል፣ ቁጥሩ ያው የቋጠሩት ነው። ሀን ጨርሰናል፣ ሐንም ወደ ሀ አጠቃለነዋል፣ ለ ቶሎ አለቀ። አሁን መ ላይ ነን፣ መ ደግሞ እኛ ጋ ሳጥኑን ሊሞላው ምንም አልቀረው።